ከራምቦ ቀበቶ እስከ አባቴ ኮርቻ

ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ጥግ አንዲት የክብሪት ቀፎ ተቀምጣለች። በውስጧ ዘይት የጠጣ፣ ዳር ዳሩ የተፈጨ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ወረቀት አለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ላየው ሰው የፋሲል ግንብ አንዱ ማማ ይታየዋል። በደርግ ዘመን የነበረው ድፍን ሃምሳ ብር በጀርባው የፋሲልን ግንብ ይዞ ነበርና ቁራጩ የእርሱ ቅሪት ነው። አባቴ ለክፉ ቀን ብሎ በሞተር ብስክሌቱ ኮርቻ ሥር ሸሽጓቸው ከነበሩት ስድስት ድፍን ሃምሳዎች የአንዱ መሆኑ ነው። በቀፎዋ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አባቴ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ቤታችን ድሬዳዋ ደቻቱ አጠገብ ሲሆን የአባቴ እንጀራ ግን ከተራራው በላይ፣ ሐረር ነበረ። ጀጎልን የሚያውቅ አንባቢ «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድ አይረሳውም። ስሙን ያገኘው ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚያሰሙት የመኪና ድምፅ ነው። ከነዚያ መኪናዎች አንዱ ሲያነክስ አባቴ ይጠራል፤ መፍቻውንና ዘይቱን በቆዳ ቦርሳ ሸክፎ፣ ባሮጌ ያማሃው የደንገጎን ጠመዝማዛ ይወጣል። በሰፈራችን ሞተር ብስክሌት ሁሉ «ዶቅዶቄ» ነበር የሚባለው፤ የአባቴ ግን ገና ከሩቅ በድምፁ ይለይ ነበር።

የዚያን ቀን እኔን ከኋላው አፈናጦ ወሰደኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስንመለስ፣ ደንገጎን አልፈን ቁልቁለቱን ጥቂት እንደያዝን የኋላው ጎማ ፈነዳ። አባቴ ከጭረት በቀር ምንም አልሆነም፤ የእኔ ግን ግራ ክንዴ ተሰበረ። የሐረር ደንበኞቹ «ለወሩ መጨረሻ» ብለው ስለሸኙት በኪሱ የነበረው ከሁለት ብር አይበልጥም። «አይዞህ፣ ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት አለኝ» አለኝና ኮርቻውን ፈታ።

ከላስቲክ ከረጢቱ የወጣው ጥቁር ሊጥ ነበር። ስድስቱ ሃምሳዎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ መሐላቸው ተፈጭቶ፣ ዳራቸው እንደ ዱቄት ይረግፋል። አባቴ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከክንዴ ሕመም ይልቅ ያስፈራኝ የእርሱ ዝምታ ነበር።

ከመንገዱ ዳር ድንች የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ነበረች። አባቴ «አዴ» ብሎ በኦሮምኛ ሊያናግራት አፉን ሲከፍት እርሷ ቀድማ መቀነቷን ፈታች። ከቋጠሮዋም ሠላሳ ብር ቆጥራ ሰጠችው። ብሮቹ ከሰውነቷ የተነሣ ሙቀት ነበራቸው፤ አንዱም የተቀደደ አልነበረም። ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም። በዚያች ገንዘብ የጭነት መኪና ተሳፍረን ድሬዳዋ ወረድን፤ ክንዴም ታሰረ። በሳምንቱ አባቴ ሠላሳውን ብር ከሁለት ኪሎ ስኳር ጋር አደረሰላት። ከስድስቱ ሃምሳዎች ሁለቱን ገጣጥሞ ባንክ ወስዶ አስቀየረ፤ የቀሩት አራቱ ግን ቁጥራቸውም የማይነበብ፣ ቅርጻቸውም የማይያዝ ስለነበር ቀሩ።

በስንት ብልሃት የተደበቀው ገንዘብ ጠፍቶ በአንዲት ባልቴት ወገብ ላይ የተቋጠረው መዳኑ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። በዚያ ዳገትና በዚያ በረሓ መንገደኛ ገንዘቡን እንዴት አድርጎ ይይዝ እንደነበር መጠያየቅና ማንበብ የጀመርኩትም ከዚሁ ተነሥቼ ነው። ከማውቃቸው ሁሉ የመጀመሪያው ባለ ታሪክ ደግሞ ያልተጠበቀ ሰው ሆኖ አገኘሁት።

ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ሐረር ይነግድ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ወርቁን በወገቡ ታጥቆ ይዞር ነበር። ሰውየው ቅኔውን ገና በሃያ ዓመቱ ግድም እርግፍ አድርጎ የተወው አርቱር ራምቦ ነው። በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ፣ በ1879 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። ንጉሡ በርካሽ ገዙት፤ የሟቹን የሸሪኩን ዕዳም ቆረጡበት። ቀሪውን ሒሳብ ደግሞ ጥሬ ብር ቆጥረው አልሰጡትም፤ ያን ጊዜ የሐረር ገዥ ለነበሩት ለመኰንን፣ በኋላ ራስ ለሆኑት፣ የክፍያ ትእዛዝ ጻፉለት። እንግዲህ ልብ ይባልልኝ፤ ከእንጦጦ እስከ ሐረር ባለው መንገድ ሁሉ ራምቦ ተሸክሞት የነበረው ሀብት ወረቀት ነበር። በአዋሽ ቢርስ፣ በበቅሎ ላብ ቢሻግት፣ የዘመናት ድካሙ አብሮ ይሄድ ነበር። ይህን የዛሬ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል፤ እኔ ግን ያንን የአባቴን መዳፍ ካየሁ ወዲህ ቀላል አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ራምቦ ካይሮ ደረሰ። ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ዐሥራ ስድስት ሺህ ከጥቂት መቶ ፍራንክ ወርቅ ዘወትር በቀበቶው ውስጥ ይዞ እንደሚዞር፣ ይህም ስምንት ኪሎ ያህል እንደሚመዝንና ተቅማጥ እንደለቀቀበት ያማርራል። ተቅማጡን እንመነው። የክብደቱን ነገር ግን በእርሳስ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ባለ 20 ፍራንኩ የወርቅ ሳንቲም 6.45 ግራም ነበር። 16,000 ፍራንክ ማለት 800 ሳንቲም ነው፤ ሲመዘንም 5 ኪሎ ከጥቂት ይሆናል። ትርፉን ሦስት ኪሎ የቀበቶው ቆዳ ይጨምረው ወይስ የቀድሞው ባለቅኔነት፣ አልፈርድም። ያም ሆነ ይህ አምስት ኪሎ ብረት ሆድ ላይ ታጥቆ በቀይ ባሕር ሙቀት መክረም ቀልድ አይደለም። ራምቦም ብዙ ሳይቆይ እዚያው ካይሮ ከነበረ የፈረንሣይ ባንክ አስገባውና ተገላገለ።

ራምቦ ወርቅ በመያዙ እንኳ ዕድለኛ ነበር። ያገሬው ሰው የሚይዘው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ብሯ ያንኑ ዓመት በላዩ ይዞ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል። አንድ ሺህ ብር ያለው ነጋዴ 28 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። ከሐረር በጀልዴሳ በኩል አድርጎ ወደ ዘይላ የሚወርደው ነጋዴ በዚህ ጭነት ላይ ውሃና ስንቅ ይጨምራል።

ጠገራ ዝናብ አይፈራም። ላብ አያሻግተውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ በማሰሮ ተቀብሮ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ እንደተቀበረ ይወጣል። ጠላቶቹ ክብደቱና ድምፁ ነበሩ። ብር ከብር ሲጋጭ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ሽፍታም ይሰማል። ይሁን እንጂ ጠገራም ቢሆን አይበላሽም ማለት አይደለም። ገበሬው በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥር ነበር፤ ከመልበስ ብዛት የጠፉ ከሆነ ብሩን ገፍቶ ይመልሰዋል። ብሩ ጥፍጥፍ ብር ስለሆነ ዋጋው ያው ነው ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ተቀባዩ እምቢ ካለ ገንዘብ ተበላሸ ማለት ነው፣ ምንም ብረት ቢሆን። በደጋው አገር የነበረው አሞሌ ጨው ደግሞ የባሰ ነበር፤ እንዳይሰበር በልጥ እየታሰረ፣ እርጥበት እንዳያሟሟው እየተጠበቀ ነበር ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው። ጥይትም በብዙ ቦታ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር ዝናሩ ራሱ የገንዘብ ቦርሳ ሆኖ ነበር። ይህን ሳስብ ከወንድ ዝናር እስከ ሴት መቀነት የቀድሞው ሰው ገንዘቡን ከወገቡ ያላራቀው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው አመጡ፤ ከብሩም ጋር አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን የሚባሉት መጡ። ሐረር ግን ከዚያ አስቀድሞ በአሚሮቿ ዘመን የራሷ ማሐለቅ ነበራት፤ የሐረር ሰው በገንዘብ ጉዳይ ከማንም ትምህርት አልፈለገም።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። የጅቡቲው ሐዲድ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ፣ መሐንዲሶቹ ቆላው ላይ አንድ ጣቢያ ተክለው «አዲስ ሐረር» አሉት። ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ። ከሐዲዱ ጋር የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድ፣ የየመን ነጋዴ ገባ፤ ገንዘብ የሚያስቀምጡበት ቤትም አስፈለጋቸው። አዲስ አበባ ላይ የካቲት 1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ሐረርና ድሬዳዋም ቅርንጫፍ አወጣ። ባንኩ ቆይቶ የወረቀት ገንዘብ አሳተመ፤ የከዚራ ነጋዴ ተቀበለው፣ ባላገሩ ግን ጀርባውን ሰጠው።

ስለዚህ የባላገሩ እምቢታ በየመጽሐፉ የሚጻፈው «ሕዝቡ ለሥልጣኔ እንግዳ ስለነበር» እየተባለ ነው። ይህን አባባል አልቀበለውም። የሐረርጌን አፈር የሚያውቅ ሰው ምስጥ በአንድ ክረምት የበር መቃን በልቶ እንደሚጨርስ ያውቃል። ባላገር ባንኩ መሬት ነው፤ የሚቀብረው የማይበላ ነገር ይፈልጋል። የጎጆው ጣራ ሣር፣ ምድጃው መሐል ቤት ነው፤ ወረቀት ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ይጨሳል፣ ወይ አይጥ ጎጆ ትሠራበታለች። ሰውየው ብሩን ያልለወጠው ከእኔ አባት በተሻለ ስላሰበ ነው።

የቀረውን ዘመን ቶሎ ልለፍበት። በ1923 የአቢሲኒያ ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ግንቦት 1928 ጣልያን ድሬዳዋ ሲገባ ሊሬ ይዞ መጣ፤ ሕዝቡ ጠገራውን ቀበረው። ከወረራው አስቀድሞ የማሪያ ቴሬዛን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት የጀመረው ያው ጣልያን መሆኑ ሲታሰብ ያስቃል። መጋቢት 1933 እንግሊዞች ሲደርሱ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መጣ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ደግሞ የኢትዮጵያ ዶላር ታወጀ። አዲሱ ገንዘብ ወረቀት ቢሆንም ባለ ሃምሳ ሳንቲሙ ግን እውነተኛ ብር ነበረበት። ያወጡት ሰዎች ሕዝቡን ያውቁት ነበር፤ የሚነክሰው ነገር ሳይሰጡት ወረቀት እንደማይውጥ ገብቷቸዋል።

ድሬዳዋ በዚህ ሁሉ ገንዘብ መሐል አደገች፤ ገንዘብ አያያዝንም ከሁሉ አብልጣ የተማረችው በባቡሩ ላይ ነው። ከጅቡቲ ልብስ፣ ሽቶ፣ ሲጋራ፣ ሬዲዮ ያመላልሱ የነበሩትን ሴቶች ያላየ የድሬ ልጅ የለም። ሦስት አራት ቀሚስ ደራርበው ይሳፈራሉ። ፊናንስ ወደ ፉርጎው ሲወጣ ዕቃው ሊወረስ ይችላል፤ የመመለሻው ገንዘብ ግን አይገኝም። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የሦስት ቦታ ሕግ ነበራቸው። ለፈታሽ የምትታይ ትንሽ ብር በነጠላ ጫፍ፣ የመነገጃው በጡት መያዣ፣ «ሞት እንኳ ቢመጣ የማይነካው» በመቀነቱ ሁለተኛ ዙር ውስጥ። ላብ እንዳያጠፋውም ብሩን መጀመሪያ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ይጠቀልሉት ነበር። ላስቲክ ለምን እንደማይጠቀሙ እናቴ ስትጠይቃቸው «ላስቲክ ያልበዋል» አሉ። አባቴ እዚያው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ ነበር። አልሰማም።

አንዳንዶቹ ደግሞ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጡት የጅቡቲ ፍራንክ ነበር፤ ሕጉ እንደማይወደው እያወቁ። ምክንያታቸው ይገባኛል። ፍራንኩ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲቋቋም ከአሜሪካ ዶላር ጋር ታሰረ፤ ከ1973 ወዲህም ለአንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። በእኛ በኩል ጥቅምት 1969 ደርግ «ብር» የሚል ስም የያዘ አዲስ ኖት አውጥቶ የንጉሡን ዶላር ከገበያ አስወጣ። በድንበር ማዶ፣ በጫካ፣ በግድግዳ ስንጥቅ የቀረው ወረቀት ሁሉ ምስጥ ሳይነካው ሞተ። ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1969፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። እናቴ ያን ሰሞን ልጆቿን ሰብስባ ስትተኛ መቀነቷን አትፈታም ነበር። በውስጡ የነበረው አዲሱ ብር ነው፤ ዐሥር ወር ግድም ቢሆነው ነው። ከተማዋ አልተያዘችም፤ መቀነቱም ለብዙ ወራት አልተፈታም።

አሁን ወደ ኮርቻው ልመለስ። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን እንደ ተበላሸ መኪና ፈታትቶ መረመረው። አንደኛው ጥፋት ዘይቱ ነበር። ያቺ ያማሃ ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል ዓይነት ስለነበረች የዘይት ማጠራቀሚያዋ ከኮርቻው ሥር ነው፤ ቱቦው ሲያልብ ቀስ በቀስ ላስቲኩ ውስጥ ሰርጓል። ሁለተኛው ንዝረቱ ነው። የታጠፈ ወረቀት ከመፍቻ አጠገብ ተቀምጦ በየቀኑ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲንቀጠቀጥ እጥፋቱ ላይ ይላላል፣ ከዚያ ይፈጫል። ሦስተኛውን ለማግኘት ግን ጊዜ ወሰደበት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2,000 ያልፋል። በቆላው ሙቀት የታሰረ ላስቲክ ዳገቱ ላይ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ወደ ጠብታ ይለወጣል። በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ብሩን ራሱ ውሃ ያጠጣው ኖሯል። ይህን በደረሰበት ምሽት ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄዶ «ላስቲክ ያልበዋል ያልሽው እውነት ነው» ብሎ ነገራቸው። (ድሬዳዋ ትልቅ ሰውን «አንቺ» ማለት ነውር አይደለም፤ የአዲስ አበባ አንባቢ ቅር እንዳይለው።)

ከዚያ ወዲያ ያልሞከረው ቦታ አልነበረም። ከመብራቱ ኋላ አደረገው፤ አምፖሉ ያግለዋል፣ በዝናብ ጊዜም ውሃ ይገባል። በጎማ መንፊያው ፓምፕ ውስጥ ሸጎጠው፤ አንድ ባለ ብስክሌት ጎማው ተንፍሶበት ፓምፑን ለምኖ ወሰደና አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አደረ። ልጁ በማግስቱ አመስግኖ መለሰው፤ ፓምፑ «በደንብ አይነፋም» የሚል አስተያየትም ጨመረበት። ከዚያ ደግሞ የመሪውን የግራ እጀታ ጎማ አውልቆ፣ አንድ ድፍን ሃምሳ እንደ ሲጋራ ጠቅልሎ በቧንቧው ውስጥ ከተተ። ቦታው ደረቅ፣ ከሞተሩ ሙቀት የራቀ፣ ሌባም የማይጠረጥረው ነበር። ችግሩ ብሩ በንዝረቱ ወደ ውስጥ ሄደ። በሽቦ ቢጎተት፣ መሪው ቢወዛወዝ አልወጣ አለ። «እዚያው ይቀመጥ፣ ክፉ ቀን ራሱ ያወጣዋል» ብሎ ተወው።

በመጨረሻ መኪና ግርግር ካሉት ደንበኞቹ አንዱ ለሱሪው ወገብ ውስጠኛ ኪስ ሰፋለት። ብሩን በጥጥ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ከጨርቁ ላይ ደግሞ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ያደርጋል፤ ዳሩን ግን አይዘጋውም፣ እንዲተነፍስ። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ያጥፈዋል። ድፍን ሃምሳ መያዝም ተወ፤ ደንገጎ ላይ ሃምሳ ብር የሚዘረዝር ሰው ከየት ይመጣል? አሥር አሥር ብርና አንድ አንድ ብር ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲገባ ብሮቹን አውጥቶ ለአስቤዛ ይሰጣል፣ በምትካቸው ሌሎች ያስገባል። ግማሹ ደግሞ ከእናቴ ዘንድ ይቀመጣል። እናቴ ሲሰጣት «አሁን ወደ ልብህ ተመለስክ» አለችው። ከራምቦ መቶ ዓመት በኋላ አባቴ ዞሮ ዞሮ ወገቡ ላይ ደረሰ።

በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ የእኛም ኖቶች ተለወጡ፤ የፋሲል ግንብ የነበረበት የደርጉ ሃምሳ ዘመኑ አለፈ። አባቴ የቅዳሜ ሕጉ ስለነበረው አንዲትም አሮጌ ብር አልቀረችበትም፣ ከመሪው ውስጥ ካለችው በቀር። ሞተሩን ያን ጊዜ መንዳት አቁሞ ነበር።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞላ። ከ250 በላይ ሰው የወሰደ ጎርፍ ስለሆነ በገንዘብ ነገር ላነሣው ይከብደኛል። ከሳምንት በኋላ ስደርስ ግን በየግቢው ቆርቆሮ ላይ የብር ኖት በጠጠር ተጭኖ ተሰጥቷል። አባቴ ሸምግሎ ነበር፤ በከዘራው እየተደገፈ ከቤት ቤት ይዞራል። «ፀሐይ ላይ በእስር አታስጡት፤ ይጣበቃል። ገና እርጥብ እያለ አንድ በአንድ ለዩት፣ ጥላ ሥር ጨርቅ ላይ አድርጉት» እያለ ያስተምራል። አንዲት ሴት ባሏን ጎርፍ የወሰደባት ናት፤ ከግድግዳው ውስጥ በላስቲክ ታስሮ የተገኘውን የባሏን ገንዘብ ይዛ መጣች። አባቴ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት በመርፌ ጫፍ እያላቀቀ ቁጭ አለ። ስንቱ እንደዳነ አልጠየቅኩትም። ሲነሳ ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

እርሱ ካለፈ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሞተሯን ለቁራጭ ብረት ሸጥናት። ገዢው መሪዋን በመጋዝ ሲቆርጠው ከቧንቧው ውስጥ አንዲት ጥቅል ወደቀች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድፍኑ ሃምሳ ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ የፋሲል ግንብ ከነማማዎቹ ወጣ። ከእጥፋት የተጠበቀ፣ ከዘይት የራቀ፣ ከእርጥበት የዳነ ነበር። እንዲህ ያለውን ቦታ አባቴ በሕይወት ዘመኑ አላገኘሁም ብሎ ሞተ። ብሩ ግን ከሃያ ዓመት በፊት ሕግ ገድሎታል። በቀፎዋ ውስጥ አለ ያልኩት ሁለተኛው ነገር ይህ ነው።

አንድ ቀን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሒሳብ ሠራሁ። በ1978 ለአንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ ስለዚህ ከኮርቻው ሥር የነበረው 300 ብር ወደ 145 ዶላር ይደርስ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 2016 የገበያ ተመን ወዲህ ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ያ ገንዘብ አንድ ጠብታ ዘይት ሳይነካው፣ አዋጅም ሳይሽረው ዛሬ ቢደርስ ኖሮ ሦስት ዶላር አይሞላም።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ኖቱ እንደገና ተለወጠ፤ አዲስ ድፍን ሁለት መቶም መጣ፤ ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ተጀመረ። አሁን ድሬዳዋ ውስጥ ባለ ባጃጁም፣ ቀፊራ ያለችው ሽንኩርት ሻጭም ስልክ ቁጥር ይነግሩሃል። ገንዘብ ክብደቱንም ድምፁንም እርጥበቱንም ትቶ ወደ አየር የወጣ ይመስላል።

ባለፈው ዓመት ወደ ሐረር ለመውጣት አንድ ወጣት ባለ ሞተር አግኝቼ፣ ሽማግሌነቴን ረስቼ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ደንገጎ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት፤ ከጀርባው፣ በጥርት ባለው ላስቲክ ልባስና በስልኩ መሐል፣ በአራት የታጠፈ ድፍን ሁለት መቶ ብር አለ።

«ቴሌብር የለህም እንዴ?» አልኩት።

«አለኝ አቦ» አለ እየሳቀ። «ኔትወርኩ ሲጠፋስ? ባትሪው ሲሞትስ? እዚህ ዳገት ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝ አንተ ትሰጠኛለህ?»

ብሩን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ልባሱን ፈልቅቆ ሰጠኝ። ከስልኩ ግለት የተነሣ ላስቲኩ ላይ ጤዛ የመሰለ እርጥበት ነበር፤ ብሩም እጥፋቱ መስቀለኛው ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይረው» አልኩት።